ውሃው መጀመሪያ ለማን ይደርሳል?

የመመረቂያ ሥራዬን ንድፍ ግድግዳ ላይ ለጥፌ በመምህራኑ ፊት የቆምኩ ዕለት፣ አንደኛው መምህር መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አውርደው ብዙ ካዩ በኋላ «ለመሆኑ ይኼ የጣልያን በረንዳ ወሎ ምን ሊሠራ ሄደ?» አሉኝ። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ሲጨንቀኝ መሳቅ ልማዴ ነው። ከዚያ «ለጥላ ነው» ብዬ ወረቀቴን ጠቅልዬ ወጣሁ።

መልሴ ውሸት አልነበረም፤ ግን ሩቡም አልነበረም። የቀረውን ሦስት እጅ ዛሬ እዚህ ገጽ ላይ ላወጣው ነው። አንባብያን ታገሡኝ፤ ነገሩ ከማይጨው ይጀምራል፣ ወደ ጣልያን ይሄዳል፣ ተመልሶም እኛ ቀበሌ ቦይ ውስጥ ይገባል።

በመጀመሪያ ስለ ቃሉ። እኛ አዲስ አበባ ላይ «ቪላ» ስንል ግቢ ያለው፣ ዘበኛ ያለው፣ ሳሎኑ ሰፊ የሆነ ቤት ማለታችን ነው። ቃሉ እንደ ፌርማታ፣ እንደ ሲሚንቶና እንደ ባኞ ሁሉ ከጣልያን የቀረልን ነው። እዚያ አገር ግን በ16ኛው መቶ ዘመን «ቪላ» ሲሉ ቤቱን ብቻ አልነበረም። ማሳው፣ ጎተራው፣ በረቱ፣ የወይኑ እርሻ፣ ቦዩ፣ ሁሉም ተደምሮ ነው ቪላ የሚባለው። የጌታው መኖሪያ ከዚህ ሁሉ አንዱ ክፍል ነበር። እኛ ቤቱን ወስደን እርሻውን ጥለናል ማለት ነው። ይህን ያወቅሁት ፓዶቫ ከተማ ለአንድ መንፈቅ ዓመት በትምህርት ልውውጥ በሄድኩ ጊዜ ነው።

(ከዚህ በታች የጣልያንን ነገር ሳወራ ዓመቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ የእኛን ስጠቅስ ዓ.ም. እላለሁ።)

አንድ ቅዳሜ ብቻዬን ተነሥቼ ማሴር ወደምትባል መንደር ሄድኩ። ትሬቪዞ በሚባለው አውራጃ፣ ከአሶሎ ኮረብታዎች ሥር ያለች ትንሽ መንደር ናት። የሄድኩት ቪላ ባርባሮን ለማየት ነው። በመጽሐፍ ላይ አጥንቼው ነበር፤ አምዱን ቆጥሬ፣ ልኩን ወስጄ፣ ለፈተና ሥዬው ነበር። ግን ቤትን በመጽሐፍ ማወቅ ምግብን በሽታ እንደ ማወቅ ነው።

ምን ልበላችሁ! ከመንገዱ ቆሜ ሳየው መጀመሪያ ያሰብኩት «ይኼማ ጎተራ ነው» ብዬ ነው። መሃል ላይ የቤተ መቅደስ ግንባር የመሰለ፣ አራት አምድ የተለጠፈበት መኖሪያ አለ። ከግራና ከቀኙ ግን ረጃጅም ክንፎች ተዘርግተዋል፤ ፊታቸው ሁሉ ቅስት በቅስት ነው። እነዚያ ክንፎች ለእርሻው ሥራ የተሠሩ ናቸው። በጫፍና በጫፍ ደግሞ የርግብ ቤቶች ቆመዋል፤ ግንባራቸው ላይ የፀሐይ ሰዓት ተሥሏል። ከፊት ለፊቱ ማሳ፣ ከኋላው ደን የለበሰ ኮረብታ። ዛሬም የሚሠራ እርሻ ነው፤ ወይን ይተከልበታል፣ የወይን ጠጅም ይወጣበታል።

ቤቱን በ1550ዎቹ ያሠሩት ሁለት ወንድማማቾች ናቸው። ዳንኤለ ባርባሮ የተማረ ሰው ነበር፤ የጥንቱን የሮማ የሥነ ሕንፃ ሊቅ የቪትሩቪዮስን መጽሐፍ ተርጉሞ በ1556 አሳትሟል። ማርካንቶንዮ ደግሞ የቬኔሲያ መንግሥት ሹም ነበር፤ ኋላ ቁስጥንጥንያ ድረስ በአምባሳደርነት ተልኳል። ስማቸው እስከ ዛሬ በግንባሩ ላይ ተቀርጾ ይነበባል።

የቬኔሲያ መኳንንት ኑሯቸው ባሕር ነበር፤ ቅመምና ሐር ነበር። ታዲያ ምን ገጠር አወጣቸው? በ1498 ፖርቱጋሎች አፍሪካን ዞረው ሕንድ ገቡ፤ የቱርክም ኀይል በባሕሩ ላይ በረታ፤ ንግዱ እንደ ዱሮው አላስተማምን አለ። የእህል ዋጋ ደግሞ ናረ። ስለዚህ ገንዘባቸውን ወደ መሬት አዞሩ። መንግሥትም ረግረጉን የሚያደርቅ፣ ጠፉን መሬት የሚያለማ አንድ መሥሪያ ቤት በ1556 አቋቋመ። እንግዲህ እነዚያ የምናደንቃቸው የገጠር ቪላዎች በደስታ ዘመን ብቻ አልተወለዱም፤ ስንዴ ውድ ስለ ሆነም ነው።

የቤቱን ንድፍ ያወጣው አንድሬያ ፓላዲዮ ነው። እዚህ ላይ ልባችሁን ስጡኝ። ይህ ሰው በ1508 ፓዶቫ ውስጥ ከወፍጮ ሠራተኛ አባት ተወለደ። በልጅነቱ ለድንጋይ ጠራቢ ተቀጠረ። «ፓላዲዮ» የሚለውን ስም እንኳ ያወጣለት ያስተማረው መኳንንት ነው፤ ከቤት ይዞት የወጣው ስም አልነበረም። የወፍጮ ቤት ልጅ ስለሆነ ይሁን አይሁን አላውቅም፣ በ1570 ባሳተመው መጽሐፉ ስለ እርሻ ቤት ሲጽፍ ወሬው የአቧራ፣ የውሃና የእህል ነው። ባለቤቱ ዝናብም ፀሐይም ሳይነካው ጎተራውንም በረቱንም ዞሮ እንዲያይ መተላለፊያው ጣራ ይኑረው ይላል። ስለ አውድማ የጻፈው ደግሞ ከአእምሮዬ አልወጣ ብሏል፦ አውድማው አቧራ እንዳያመጣ ለጌታው ቤት በጣም አይቅረብ፤ ከዐይን እስኪሰወርም አይራቅ።

ይህን ሳነብ አያቴ ትዝ አሉኝ። አያቴ እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ ጭሰኛ ነበሩ፤ ከምርታቸው እኩሌታውን ለባለ መሬቱ ይሰጡ ነበር። አዝመራው ሲደርስ ገማች ሳይመጣ ነዶ ማንሣት የለም። ሲወቃ ደግሞ የጌታው ሰው ከአውድማው ዳር ዛፍ ሥር ይቀመጣል፤ አቧራው እንዳይደርስበት ትንሽ ራቅ፣ ቁናው እንዳይሰወርበት ትንሽ ቀረብ። አያቴ ይህን ሲያጫውቱን እጃቸውን እንደ ቅንድብ ግንባራቸው ላይ አድርገው እንዴት ይመለከት እንደነበር ያሳዩን ነበር። እኛም እንስቅ ነበር። የማያውቁት ሰው ያንኑ ርቀት በ1570 ለክቶ ጽፎት ኖሯል።

ወደ ውስጥ ስገባ ከጫማዬ በላይ ትልቅ የሱፍ ነጠላ ጫማ አስጠለቁኝ፤ ለወለሉ ነው። እየተንሸራተትኩ ገባሁ። ግድግዳውን የቀባው ፓኦሎ ቬሮኔዘ ነው፤ በ1560 እና 1561 አካባቢ፣ ልስኑ ሳይደርቅ በላዩ ላይ። ያ ሰው ሰውን ማታለል ያውቅበታል! የሌለ በር ሥሎ ከፊሉን ከፍቶ አንዲት ልጅ ያስወጣል። ከላይ የሌለ ሰገነት ሠርቶ እመቤቲቱን ከነሞግዚቷ ያቆማል፤ በቀቀኑም ትንሹም ውሻ አልቀሩም። አንድ ቦታ ጫማና ብሩሽ ተረስተው የቀሩ ይመስላሉ፤ ላነሣ ጎንበስ ልል ምንም አልቀረኝ። ጣራው ላይ የጥንት አማልክት ተሰብስበዋል፤ በሌላው ክፍል የወይን አምላክ የተባለው ለሰዎች ወይን ይጨምቃል። ፓላዲዮ ግን በመጽሐፉ ስለዚህ ቤት ሲያወራ የቬሮኔዘን ስም አንድ ጊዜም አያነሣም። ለምን እንደ ሆነ ሊቃውንቱ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ።

ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። እንደዚያ ያለ ደስታ በሕንፃ ውስጥ አግኝቼ አላውቅም። ሁለት ሰዓት ያህል ቆየሁ። በኋላ ግን ዐይኔ አንድ ነገር መፈለግ ጀመረ። በር ከፍተው ከሚወጡት፣ ከሰገነት ከሚያዩት፣ ከአደን ከሚመለሱት መካከል አንድ አራሽ ፈለግሁ። የለም። በሰፋፊዎቹ የገጠር ሥዕሎች ውስጥ ከሩቅ ትናንሽ ሰዎች ይታያሉ፤ ፊታቸው ግን አይለይም። ውሻው እንኳ ፊት አለው።

የቬኔቶ ገበሬ ታሪኩ ከዚያ በኋላም አልቀለለም። በቆሎ ከአሜሪካ መጥቶ በአገሩ ሲስፋፋ ስንዴው ለጌታና ለገበያ ሆነ፤ ገበሬው የበቆሎ ገንፎ ላይ ቀረ። በቆሎ ብቻ መብላት ደግሞ በሽታ አመጣ፤ ቆዳ ያቆስላል፣ አንጀት ያውካል፣ በመጨረሻም አእምሮ ያናውጣል። በ1771 አንድ የጣልያን ሐኪም «ፔላግራ» ብሎ ሰየመው። ምክንያቱ አንድ የቫይታሚን ዓይነት ማነስ መሆኑ የታወቀው በ20ኛው መቶ ዘመን ነው። ከ1870ዎቹ ጀምሮ ደግሞ የቬኔቶ ሰው ቤተሰቡን ይዞ በመርከብ ወደ ብራዚል ጎረፈ። ስንዴ ያሳደገው ሕዝብ እህል ፍለጋ ባሕር ተሻገረ ማለት ነው። ታናሽ ወንድሜ በጂቡቲ በኩል ባሕር ተሻግሮ ሳዑዲ ዓረቢያ ከገባ አራት ዓመቱ ነው፤ ስለዚህ ይህን ክፍል ሳነብ መጽሐፉን አጥፌ ተነሣሁ። የእኩል አራሹ ውል እዚያ አገር በሕግ አዲስ እንዳይፈረም የተከለከለው በ1964 ነው። የእኛው አዋጅ ቁጥር 31 የወጣው በ1967 ዓ.ም. ነው፤ በእነሱ አቆጣጠር 1975። አሥራ አንድ ዓመት ብቻ!

እዚህ ላይ ቢያበቃ ደግ ነበር። ግን ከቤቱ ልወጣ ስል ስለ ባለቤቶቹ ታሪክ የተጻፈ አነበብኩ። ቤቱ ከባርባሮ ዘር ወጥቶ በብዙ እጅ ዞሯል፤ በ1934 ጁሴፔ ቮልፒ የተባለ ባለጠጋ ለልጁ ገዝቶ አሳድሶታል። ይህን ስም ዐውቀዋለሁ። የቬኔሲያ የፊልም ፌስቲቫል ለተዋንያን የሚሰጠው ዋንጫ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ግን ሌላም ነው። ከ1921 እስከ 1925 የትሪፖሊታንያ ገዢ፣ ቀጥሎም እስከ 1928 የሙሶሊኒ የገንዘብ ሚኒስትር ነበር። ከ1934 እስከ 1943 ደግሞ የኢጣልያ ኢንዱስትሪ ባለቤቶች ማኅበር ፕሬዚዳንት። ካሚዮኑን፣ ጥይቱን፣ መርዙን የሠሩት ፋብሪካዎች ጌቶች ሰብሳቢ ማለት ነው። ጣልያን የወረረችን ጥቅምት 3 ቀን 1935 ነው፤ በእኛ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም.።

ቅድመ አያቴ ማይጨው ዘምተው አልተመለሱም።

ልብ በሉ፣ ቤቱ የተገዛው ከወረራው በፊት ነው። በእኛ ደም ተገዛ ብዬ አልዋሽም። የፓላዲዮም፣ የቬሮኔዘም እጅ በነገሩ የለበትም፤ ከሞቱ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ሆኗቸው ነበር። ይህን ሁሉ ለራሴ ነገርኩት። ሆኖም በሱፍ ጫማ እየተንሸራተትኩ ሁለት ሰዓት የተደሰትኩበት ወለል እግሬን አቃጠለኝ። ጫማውን መልሼ ወጥቼ ከአጥሩ አጠገብ ተቀመጥኩና ለአባቴ ደወልኩ።

አባቴ የቀበሌያችን የውሃ አባት ነው። ከወንዙ የተጠለፈው ቦይ ለማን በየትኛው ቀን፣ ስንት ሰዓት እንደሚደርስ የሚያዝዘው እሱ ነው። ሁሉንም ነገርኩት፤ ስለ ሥዕሉ፣ ስለ ቅስቱ፣ ስለ ቮልፒ። ዝም ብሎ ሰማኝ።

«አያቴን የትም አልቀበርናቸውም» አለ በመጨረሻ። «አባቴ እስኪሞት ድረስ የእርማቸው ነገር እንደ ቆጨው ነው። አንተ ደግሞ የሰውየውን ቤት ልታደንቅ ሄድህ።»

«አባዬ፣ አላወቅሁም ነበር።»

«አሁን ዐወቅህ።» ትንሽ ቆየ። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር። «ውሃውን ከየት አመጡት?»

«ምን?»

«ማሳ አለው አላልክም? ወይን አላልክም? ውሃው ከየት ነው?»

ነገርኩት። ከቤቱ ኋላ ከኮረብታው ሥር ምንጭ አለ። ምንጩን በግማሽ ክብ ግድግዳና በሐውልቶች ከበውታል፤ ውሃው መጀመሪያ እዚያ ኩሬ ሠርቶ ዓሣ ይረባበታል። ፓላዲዮ ራሱ እንደ ጻፈው፣ ከዚያ ወደ ወጥ ቤት ይገባል፤ ከወጥ ቤት ወጥቶ የግራና የቀኙን አትክልት ያጠጣል፤ ቀጥሎ በሕዝብ መንገዱ ዳር ሁለት ኩሬ ከነከብት ማጠጫው ይሞላል፤ በመጨረሻ ወደ ትልቁ የፍራፍሬ ቦታ ይወርዳል።

«ቆይ፣ ቆይ» አለ አባቴ። «መንገድ ዳር ማጠጫ አለው?»

«አለው፤ ማለቴ እንደዚያ ተጽፏል።»

«ከፍራፍሬው በፊት?»

«ከፍራፍሬው በፊት።»

«መጀመሪያ ለራሱ ዓሣ፣ ቀጥሎ ለራሱ ድስት» ብሎ ቆጠረ። እንደ ውሃ ተራ ነበር የሚቆጥረው። «ጌታ ነዋ፤ ይኼስ የትም ያለ ነው። ግን ለመንገደኛው ከብት ከተክሉ አስቀድሟል። ይህን ያሰበው ገበሬ ነው ወይ የገበሬ ልጅ ነው።»

«የወፍጮ ሠራተኛ ልጅ ነው» አልኩት።

«ይኸው! ወፍጮ ያለ ውሃ ይዞራል እንዴ?» ብሎ ሳቀ። የአባቴን ሳቅ በዚያ ሰዓት አልጠበቅሁትም ነበር። ከዚያ ጎተራው የት እንደ ሆነ ጠየቀኝ፤ ክንፉን ነገርኩት። ስፋቱን ጠየቀኝ፤ ጣራው ምን እንደ ሆነ፣ አይጥ እንዴት እንደሚከላከሉ ጠየቀኝ። የማላውቀውን አላውቅም አልኩት። ሊዘጋ ሲል «ቅስቱ ሥር ሰው ይቀመጣል?» አለ።

«አሁን ጎብኚ ይቀመጥበታል።»

«እኛ ተራ የሚጠብቀው ሰው ፀሐይ ላይ ነው የሚውለው» አለና ዘጋው።

ይኸው ነው ነገሩ። ፓዶቫ ተመልሼ ስለ ማሴር የሴሚስተር ጽሑፍ አቀረብኩ። ስለ ልክና ስለ ብርሃን ጻፍኩ፤ ጥሩ ውጤት አገኘሁ። ስለ አውድማው ርቀት፣ ስለ በቆሎው፣ ስለ ቮልፒ አንድ መስመር አላነሣሁም፤ መምህሮቼን ላለማስቀየም ነው። ይህ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። ይህ ጽሑፍ የዚያ ዕዳ ነው።

ወደ አገሬ ስመለስ ለመመረቂያ የመረጥኩት ለቀበሌያችን የመስኖ ተጠቃሚዎች መሰብሰቢያና የእህል መጋዘን ነው። ጎተራው መሃል ላይ ነው፤ ባርባሮዎች መኖሪያቸውን ባስቀመጡበት ቦታ። ከግራና ከቀኝ ቅስት ያለው ረጅም በረንዳ ተዘርግቷል፤ የውሃ ተራ የሚጠብቅ ሰው ይቀመጥበታል። ቦዩ ሲደርስ መጀመሪያ የሚሞላው የመንገዱን ዳር የከብት ማጠጫ ነው፤ ከዚያ ወደ ማሳ። ከፓላዲዮ ወስጃለሁ፤ ተራውን ግን አባቴ ነው ያስተካከለው። ለጌታ ዓሣ የሚሆን ኩሬ የለበትም።

አንዳንድ ጓደኞቼ «እኛስ የራሳችን ሥነ ሕንፃ የለንም ወይ?» ብለውኛል። አለን። የላስታን ድንጋይ፣ የጎንደርን ግንብ፣ የእናቴን ጎጆ አውቃለሁ። ግን እኔን የሚያስጨንቀኝ የቅስቱ ዘር አይደለም። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ «መሬት ላራሹ» እያሉ አደባባይ የወጡት ተማሪዎች የጠየቁት ቤቱ ምን ይመስላል ብለው አልነበረም፤ ማን ያርሳል፣ ማን ይበላል ነበር። የሕንፃ ተማሪ ይህን ጥያቄ በእርሳስ ነው የሚጠይቀው። በረንዳው ከማሴር ቢመጣ፣ ሥሩ የሚቀመጠው ማነው?

ቮልፒን ይቅር አላልኩም፤ ይቅር ለማለትም ሥልጣኑ የለኝም፤ እሱ የቅድመ አያቴ ነው። ያን ቤት እወደዋለሁ ወይ ብትሉኝም ዛሬም በአንድ ቃል መመለስ አልችልም። የሄድኩ ቀን ሁለት ሰዓት ወድጄዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ እየወደድኩ እከሰዋለሁ።

እኚያ መምህር ይህን ጽሑፍ ካገኙት፣ የዚያን ዕለቱ መልሴ አልተሟላም ነበርና ይቅርታ እጠይቃለሁ። በረንዳው ወሎ የሄደው ለጥላ ነው። ጥላው ግን የተራ ጠባቂው ነው። ንድፉን ለአባቴ በፖስታ ልኬለት ነበር፤ ባለፈው ሳምንት ደውሎ አንድ ስሕተት አገኘ፦ ማጠጫውን ከፍ አድርጌ ሠርቼዋለሁ፤ ጥጃ አይደርስበትም። እያስተካከልኩት ነው።